ራዲዮሜትሩን የሚያዞረው የብርሃን ግፊት ነው ወይስ ሌላ?

ማርቆስ_ላብ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ላባችን ውስጥ አንድ ራዲዮሜትር አለ፦ የመስታወት አምፖል ሆኖ ውስጡ በመርፌ ጫፍ ላይ የተቀመጡ አራት ክንፎች አሉት፤ የእያንዳንዱ ክንፍ አንደኛው ፊት ጥቁር፣ ሌላኛው ብርማ ነው። ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ይሽከረከራል። አብሮት የመጣው ወረቀት «ብርሃን ግፊት እንዳለው ያሳያል» ይላል። እንደዚያ ብዬ ላስተምር? ሌላው፣ ብርሃን ክብደት ከሌለው ሞመንተሙን (የሚሄድ ነገር ሲመታ የሚያስተላልፈውን ግፊያ) ከየት ያመጣል? ይህ ተማሪ ሁሉ የሚጠይቀው ነው። እንዲሁም እውነተኛውን የብርሃን ግፊት በት/ቤት አቅም መለካት የሚቻል ከሆነ መንገዱን ብትነግሩኝ።

ጣናዳር
አይ መምህር፣ እንደዚያ ብለው እንዳያስተምሩ። ወረቀቱ ተሳስቷል፤ ማስረጃው ደግሞ እዚያው አምፖሉ ውስጥ አለ። ተማሪዎቹ የሚዞርበትን አቅጣጫ ልብ ብለው ይዩ።

ጥቁሩ ፊት የወደቀበትን ብርሃን ውጦ ያስቀራል፤ ስለዚህ ብርሃኑ ይዞት የመጣውን ሞመንተም አንዴ ይቀበላል። ብርማው ፊት ብርሃኑን ወደመጣበት ስለሚመልስ ሲመጣም ሲመለስም ይገፋል፤ የሚቀበለው ሁለት እጥፍ ነው። የሚያዞረው የብርሃን ግፊት ቢሆን ኖሮ ከብርሃኑ የሚሸሸው ብርማው በሆነ ነበር። ራዲዮሜትሩ የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው፤ የሚሸሸው ጥቁሩ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ አየሩ ነው። አምፖሉ ባዶ አይደለም፤ 1 ፓስካል ገደማ ግፊት ያላት ትርፍራፊ አየር አለችው (ደብረ ማርቆስ ላይ የውጭው አየር 76,000 ፓስካል ገደማ ነው)። አምፖሉ ተሰንጥቆ አየር ቢገባ ክንፎቹ ይቆማሉ። ያቺ ትርፍራፊ በጠንካራ ፓምፕ ተመጥጣ ብትወጣም ይቆማሉ። ግፊቱ የብርሃኑ ቢሆን አየሩ በሳሳ ቁጥር መፍጠን ነበረባቸው።

የሚያዞራቸው የሙቀት ልዩነት ነው። ጥቁሩ ፊት ይበልጥ ይሞቃል፣ የነካው የአየር ሞለኪውልም ፈጥኖ ይለቃል። ብዙ መጽሐፍ እዚህ ላይ ያቆማል፤ አይበቃም። በክንፉ መካከል ላይ ፈጥነው የሚለቁት ሞለኪውሎች አዲስ የሚመጡትን ስለሚመልሱ ነገሩ ይቻቻላል። ዋናው ሥራ ያለው ጠርዙ ላይ ነው፤ በጠርዙ በኩል አየር ከቀዝቃዛው ፊት ወደ ሞቃቱ ይሳባል፣ በምላሹ ክንፉ ወደ ቀዝቃዛው ፊት ይገፋል። ይህን ኦስቦርን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1879 አሳይቶታል።

ለክፍል የሚሆን ሙከራ፦ ራዲዮሜትሩን ፀሐይ ላይ አሙቁትና ወዲያው ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ጥቁሩ ፊት ሙቀቱን ቶሎ ስለሚለቅ ክንፎቹ ወደ ኋላ ይዞራሉ። በብርሃን ግፊት ይህን ማስረዳት አይቻልም። ሌላም አለ፦ የድሮውን ባለ ክር 100 ዋት አምፖል 15 ሳንቲ ሜትር ላይ አስጠጉ፣ ከዚያ እኩል የሚያበራ የኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ተኩበት። በኤል.ኢ.ዲ.ው በጣም ይደክማል፤ ለዓይን የሚታየው ብርሃን እኩል ቢሆንም ሙቀት አምጪው ጨረር ቀርቷልና።

ዳሞት_ቴክ
ጣናዳር ያለው ላይ ቁጥር ልጨምር፤ ያለ ቁጥር ተማሪ አያምንም።

በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ መሬት የሚደርሰው የፀሐይ ብርሃን በካሬ ሜትር 1,000 ዋት ገደማ ነው። ግፊቱን ለማግኘት ይህን ለብርሃን ፍጥነት ማካፈል ነው፦ 1,000 ÷ 300,000,000 = 3.3 ማይክሮ ፓስካል (ማይክሮ ማለት አንድ ሚሊዮንኛ ነው)። ይህ ብርሃኑን ሁሉ ለሚውጥ ጥቁር ገጽ ነው። ሁሉን ለሚመልስ መስታወት 6.7 ማይክሮ ፓስካል። የ3.3 ማይክሮ ኒውተን ክብደት ያለው ነገር 0.34 ሚሊ ግራም ይመዝናል፤ አንዲት የጤፍ ፍሬ ማለት ነው። አንድ ካሬ ሜትር ጥቁር ሰሌዳ ላይ የእኩለ ቀን ፀሐይ ሙሉውን የሚያሳርፈው ይህን ያህል ነው።

አሁን ወደ ራዲዮሜትሩ። የአንዱ ክንፍ ስፋት 1 ካሬ ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጥቁሩ ላይ 0.33 ናኖ ኒውተን፣ ብርማው ላይ 0.67 ናኖ ኒውተን። ልዩነቱ 0.33 ናኖ ኒውተን፣ እሱም ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ። የመርፌው ሰበቃ ብቻ ይህን ይውጠዋል።

ማዘንበልም ይቆጠራል። መስታወቱ በ60 ዲግሪ ከዞረ የሚቀበለው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል፣ የሚገፋበት አቅጣጫም በግማሽ ይደክማል፤ ስለዚህ የሚቀረው ኃይል ሩብ ነው። ሒሳቡን ያለ ማዘንበል ለመሥራት ደብረ ማርቆስ ላይ ፀሐይ አናት ላይ የምትሆንበትን ቀን ይምረጡ፦ ሚያዝያ 9 አካባቢና ነሐሴ 20 አካባቢ። ነሐሴ ክረምት ስለሆነ ሚያዝያ ይሻላል፤ ሰዓቱ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ እንጂ ልክ 6 ሰዓት አይደለም።

ሰከላ
እሽ፣ ግን የመምህሩ ሁለተኛ ጥያቄ አልተመለሰም። ሞመንተም ክብደት ሲባዛ በፍጥነት ነው ተብሎ ተምረናል። ክብደቱ ዜሮ ከሆነ ሞመንተሙም ዜሮ ነው።

ጮቄ_ተራራ
ያ ቀመር ለድንጋይ ነው፤ በዝግታ ለሚሄድ ነገር። ለብርሃን የሚሠራው ሞመንተም = ኢነርጂ ÷ የብርሃን ፍጥነት ነው። አረንጓዴ ሌዘር እንውሰድ፣ የሞገድ ርዝመቱ 532 ናኖ ሜትር። አንዷ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) 3.7 × 10⁻¹⁹ ጁል ትይዛለች። ለ3 × 10⁸ ስናካፍል 1.2 × 10⁻²⁷ ኪ.ግ.ሜ. በሰከንድ። ትንሽ ናት፣ ዜሮ ግን አይደለችም።

ይህ ግን ቁጥር ብቻ ነው። እንዴት እንደሚገፋ ለማየት ፎቶንን ለጊዜው እንተወውና ብርሃኑ ብረት ላይ ሲያርፍ አንዱን ኤሌክትሮን እንመልከት። ብርሃን የኤሌክትሪክና የማግኔት መስክ ነው፤ ሁለቱ እርስ በርሳቸውም ከብርሃኑ ጉዞ ጋርም ቀጥ ማዕዘን ይሠራሉ። ኤሌክትሪኩ መስክ ኤሌክትሮኑን ወደ ጎን ይንጠዋል። ኢነርጂ የሚሻገረው በዚህ ንጠት ነው፤ የተናጠው ኤሌክትሮን ከአቶሞቹ ጋር እየተጋጨ ያሞቃቸዋል። ኤሌክትሮኑ አንዴ ወደ ጎን ከተንቀሳቀሰ ደግሞ የማግኔቱ መስክ ይይዘዋል። በማግኔት መስክ ውስጥ የሚሄድ ቻርጅ ከጉዞውም ከመስኩም ጋር ቀጥ ማዕዘን በሚሠራ አቅጣጫ ይገፋል፤ ያ አቅጣጫ ብርሃኑ የሚሄድበት ነው።

ተማሪ እዚህ ላይ «መስኩ እኮ እየተገላበጠ ነው፣ ግፊቱስ አይገለበጥም?» ይላል። አይገለበጥም። ኤሌክትሪኩ ሲገለበጥ የኤሌክትሮኑ ጉዞ ይገለበጣል፣ በዚያው ቅጽበት ማግኔቱም ይገለበጣል። ሁለቱ አብረው ሲገለበጡ ግፊቱ እንደነበረ ወደ ፊት ይቀራል። የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1873 ግፊቱን ያሰላው ከእነዚህ መስኮች ነው፤ ያኔ ፎቶን የሚባል ነገር ገና አልታሰበም ነበር።

ፎቶን እንደ ቅንጣት ሞመንተም እንዳለው የታየው በኋላ ነው። አርተር ኮምፕተን እ.ኤ.አ. በ1923 ባወጣው ሥራ ኤክስሬይ ከኤሌክትሮን ጋር ሲላተም የሞገድ ርዝመቱ እንደሚጨምር አሳየ፤ በ90 ዲግሪ ለተመለሰው ጭማሪው 0.00243 ናኖ ሜትር ነው። ሁለት ኳሶች ሲላተሙ እንደምንሠራው ሒሳብ ሲሠራ ልክ ይመጣል።

የብቸናው
አንድ ነገር አልገባኝም። መስታወቱ ብርሃኑን ሙሉ በሙሉ ከመለሰው ኢነርጂ አልወሰደም ማለት ነው። ግን ተገፍቶ መንቀሳቀስ ከጀመረ የእንቅስቃሴ ኢነርጂ አገኘ። ከየት መጣ?

ጮቄ_ተራራ
ከተመለሰው ብርሃን ቀለም። መስታወቱ ቆሞ ሳለ የተመለሰው ብርሃን የመጣውን ያህል ነው፤ ሞመንተም ይወስዳል፣ ኢነርጂ ግን ዜሮ። እየሸሸ ሲሄድ የሚመለሰው ብርሃን በትንሹ ወደ ቀይ ይጎተታል። ቅናሹ 2 ጊዜ የመስታወቱ ፍጥነት ሲካፈል ለብርሃን ፍጥነት ነው። በሰከንድ 10 ኪ.ሜ. ለሚሄድ መስታወት ከ15,000 አንድ እጅ ገደማ። ኃይሉን (2 × ዋት ÷ የብርሃን ፍጥነት) በመስታወቱ ፍጥነት ብታባዛው የምታገኘው ያንኑ የጎደለ ኢነርጂ ነው። አንዲት ጁል አልጠፋችም።

ስለዚህ ሁለቱን መዝገቦች አትቀላቅል። ጥቁር ነገር ኢነርጂውን ሁሉ ወስዶ ሞመንተሙን አንዴ ይወስዳል፤ መስታወት ኢነርጂውን እምብዛም ሳይነካ ሞመንተሙን ሁለት ጊዜ ይወስዳል።

እንጅባራ
የፀሐይ ማብሰያ ሳህን ላይስ? ብርሃኑን አንድ ቦታ ሲሰበስበው ግፊቱ አይበረታም? ድስቱን ይገፋው ይሆን?

ዳሞት_ቴክ
ግፊቱ ይበረታል፣ ጠቅላላው ኃይል ግን አይጨምርም። ዲያሜትሩ 1.4 ሜትር የሆነ ሳህን 1.5 ካሬ ሜትር ገደማ ብርሃን ይሰበስባል፣ 1,500 ዋት። ያ ሁሉ ብርሃን በአንድ አቅጣጫ መጥቶ ድስቱ ላይ ቢያርፍ እንኳ ኃይሉ 5 ማይክሮ ኒውተን ነው። በእውነቱ ጨረሮቹ ከየአቅጣጫው ስለሚገቡ በከፊል ይጣፋሉ፣ ከዚያም ያንሳል።

ያው ብርሃን በኢነርጂ በኩል የሚሠራውን እይ። ደብረ ማርቆስ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው። 3 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ እስከዚያ ለማድረስ 900 ኪሎ ጁል ይፈልጋል። ከ1,500 ዋቱ 600ው ውሃው ውስጥ ቢገባ 25 ደቂቃ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ለብርሃን ፍጥነት ማካፈሉ ነው፤ ኢነርጂው ብዙ፣ ሞመንተሙ ኢምንት።

ጣሪያ ላይ ሶላር ፓኔል ለሚሰቅሉም እንዲሁ ነው። በሰከንድ 20 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በባሕር ዳር ከፍታ 200 ፓስካል ገደማ ይገፋል፤ ይህ ከፀሐይ ብርሃን ግፊት 60 ሚሊዮን እጥፍ ነው። ብሎኑን ለነፋስ አጥብቁ። ከብርሃኑ የሚያሰጋችሁ ሙቀቱ ነው፤ ተራ የሲሊከን ፓኔል ከ25 ዲግሪ በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ ምርት ይቀንሳል። ከቆርቆሮው ከፍ አድርጋችሁ አየር ይለፍበት።

ሰከላ
ታዲያ ይህን ያህል ኢምንት ከሆነ ለምን ይጠናል? በሰማይ ላይ መርከብ ይነዳል የሚባለውስ የፀሐይ ነፋስ አይደለም እንዴ?

ጣናዳር
አይደለም፤ ሁለቱ ይምታታሉ። የፀሐይ ነፋስ ከፀሐይ የሚወጡ ፕሮቶኖችና ኤሌክትሮኖች ናቸው። መሬት አካባቢ የሚያሳርፈው ግፊት ከ1 እስከ 2 ናኖ ፓስካል ገደማ ነው። ከከባቢ አየር ውጭ ብርሃኑ በካሬ ሜትር 1,361 ዋት ነው፤ ግፊቱ ለጥቁር 4.5፣ ለመስታወት 9.1 ማይክሮ ፓስካል። ብርሃኑ በሺዎች እጥፍ ይበልጣል። ጅራታም ኮከብ ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ይታያሉ፦ ጎበጥ ያለውን የአቧራ ጅራት የሚገፋው ብርሃን ነው፣ ቀጥ ያለውን ሰማያዊ የጋዝ ጅራት የሚወስደው የፀሐይ ነፋስ።

በብርሃን ግፊት የሚነዳው የጃፓኑ መንኮራኩር ኢካሮስ እ.ኤ.አ. በ2010 ተወንጭፎ 14 በ14 ሜትር ሸራ ዘረጋ፤ የሸራው ውፍረት 7.5 ማይክሮ ሜትር። ሸራው ፍጹም መስታወት ቢሆን 1.8 ሚሊ ኒውተን መገፋት ነበረበት፤ የተለካው 1.12 ነው። ሸራ ሁሉን አይመልስም፣ ይጨማደዳል፣ የኢካሮስ ደግሞ በላዩ ሶላር ሴሎች ነበሩት።

ሰከላ፣ «ለምን ይጠናል» ላልከው፦ ሰበቃ በሌለበት ቦታ ኢምንትም ይጠራቀማል። የጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይት ከብርሃን የሚያገኘው መገፋት በሰከንድ ካሬ አንድ አስር ሚሊዮንኛ ሜትር ገደማ ነው። ይህ በአንድ አቅጣጫ ለአንድ ቀን ቢቀጥል ሳተላይቱን ከ370 ሜትር በላይ ያርቀዋል። ምሕዋራቸውን የሚያሰሉት ይህን ካላስገቡ መሬት የሚለካው ቀያሽ ድንበር ያፋልሳል።

ማርቆስ_ላብ
እናመሰግናለን። የፍሪጁን ሙከራ እወስዳለሁ። አሁን ወደ መለካቱ፦ ዕቃ ብናገኝ እንዴት እንሥራው? የላቦራቶሪ ዲጂታል ሚዛን አይበቃም?

ዳሞት_ቴክ
ሚዛኑ አይበቃም መምህር። ጥሩ የላብ ሚዛን እስከ 0.1 ሚሊ ግራም ያነባል፣ ይህ 1 ማይክሮ ኒውተን ነው። ያን ለማግኘት 150 ዋት ብርሃን መስታወት ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል፤ ያኔ የሞቀው አየር ሽቅብ እየነፈሰ ሚዛኑን ከብርሃኑ በላይ ያወዛውዘዋል። በሚዛን የሚለኩ አሉ፣ ግን በኪሎ ዋት ለሚቆጠር የኢንዱስትሪ ሌዘር ነው፤ 10 ኪሎ ዋት ሲመለስ 67 ማይክሮ ኒውተን ስለሚሰጥ።

ለእርስዎ የሚሆነው በክር የተንጠለጠለ ሚዛን ነው። መጠኑ ይህን ይምሰል፦

ክሩ 25 ማይክሮ ሜትር ውፍረት ያለው የተንግስተን ሽቦ፣ ርዝመቱ 20 ሳንቲ ሜትር። ከታቹ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀላል ዘንግ አግድም ይንጠልጠል፤ በሁለቱ ጫፍ እያንዳንዳቸው 0.2 ግራም የሚመዝኑ ትንንሽ መስታወቶች። 1 ዋት ሌዘር አንዱ መስታወት ላይ ሲያርፍ ኃይሉ 6.7 ናኖ ኒውተን፤ በ2.5 ሳንቲ ሜትር ክንድ ሲባዛ ክሩን 5.5 ሚሊ ራዲያን (ራዲያን የማዕዘን መለኪያ ነው) ያጣምመዋል። ዘንጉ መሃል ላይ ሌላ ትንሽ መስታወት ለጥፈው በደካማ ሌዘር 3 ሜትር ርቆ ባለ ግድግዳ ላይ ያንጸባርቁ፤ ነጥቧ 33 ሚሊ ሜትር ትሄዳለች። በማስመሪያ የሚለካ ነው።

ተንግስተን ካልተገኘ ከጆሮ ማዳመጫ ገመድ ውስጥ አንዷን የመዳብ ክር መምዘዝ ይቻላል፤ ኢናሜሉ (የተቀባው መከለያ) ይጠረግ። 50 ማይክሮ ሜትር ከሆነች ግን ወደ 4.5 እጥፍ ትጠነክራለች፣ ነጥቧም 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ትሄዳለች። ጥንካሬው በውፍረቱ 4ኛ ደረጃ ስለሚያድግ ነው (2 እጥፍ ሲወፍር 16 እጥፍ)፤ መዳብ ከተንግስተን የላላ ስለሆነ ነው 4.5 ላይ የቀረው። መዳብ ደግሞ እየላላ ስለሚሄድ የዜሮው ቦታ ይንሸራተታል፤ ለአንድ ቀን ተንጠልጥሎ ይደር።

ዘንጉ በተንግስተኑ 18 ሰከንድ ገደማ እየወሰደ ይወዛወዛል። ሌዘሩን 9 ሰከንድ አብርቶ 9 ሰከንድ ማጥፋት ውዝዋዜውን እያጠራቀመ ያሳድገዋል፤ ደካማ ሌዘር ላላቸው ይህ ይሻላል።

የ1 ዋት ሌዘር ዓይን ያሳውራል፤ ከግድግዳ ላይ የተመለሰውም ቢሆን በቅርብ መታየት የለበትም። ለዚያው የሞገድ ርዝመት የተሠራ መነጽር ሳይኖር አይጀመር፣ የጨረሩ መንገድ በሙሉ በጥቁር ሣጥን ይሸፈን።

እንጅባራ
አየሩን ከሚዛኑ ዙሪያ የሚያወጣው ፓምፑስ? ተራው የዘይት ፓምፕ ይበቃል?

ጣናዳር
ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ተራ የዘይት ፓምፕ የሚያደርስህ ከ1 እስከ 10 ፓስካል ነው፤ ይህ ራዲዮሜትሩ የሚሽከረከርበት ቀጠና ነው! አየሩን አውጥቼ ሚዛኑን አጸዳሁ ስትል የሙቀቱ ኃይል ከፍ የሚልበት ላይ አቁመኸዋል። ወይ ከ0.001 ፓስካል በታች ውረድ (ለዚያ ዲፊውዥን ወይም ተርቦ ፓምፕ ያስፈልጋል)፣ ወይ ወደ ላይ ተመለስ።

ወደ ላይ መመለስ ስል፦ አሜሪካኖቹ ኒኮልስና ኸል እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 1903 የብርሃን ግፊትን የለኩት በ16 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ፣ ማለትም 2,100 ፓስካል ገደማ ላይ ነው። የሙቀቱ ኃይል በዚያ ግፊት በጣም እንደሚያንስ አስቀድመው በሙከራ ፈልገው አገኙት። ከዚያ ብርሃኑን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ለቀው የመጀመሪያዋን ውዝዋዜ ለኩ። የብርሃን ግፊት ወዲያው ይጀምራል፣ ሙቀት ግን ጊዜ ይፈልጋል። ሩሲያዊው ሌቤዴቭ ቀድሟቸው እ.ኤ.አ. በ1900 ውጤቱን ሲያሳውቅ የሄደው በሌላው መንገድ ነው፦ በጣም ቀጫጭን የብረት ክንፎች፣ ትልቅ አምፖል፣ የሳሳ አየር።

ለት/ቤት የኒኮልስና ኸል መንገድ ይቀርባል፤ ለ2,100 ፓስካል ርካሽ ፓምፕ ይበቃል።

ማርቆስ_ላብ
ነጥቧ ሄደች እንበል። የሄደችው በብርሃን ግፊት እንጂ በሙቀት እንዳልሆነ በምን አረጋግጣለሁ?

ጣናዳር
በሦስት ነገር መምህር። አንደኛ፣ መስታወቱን ገልብጠው በጀርባው ያብሩበት። መስታወቱ በአንድ ፊት ብቻ የተቀባ ከሆነ የሚሞቀው የተቀባው ፊት ነው፤ ሲገለበጥ የሙቀቱ ኃይል አቅጣጫ ይቀይራል፣ የብርሃኑ ግን አይቀይርም። የሁለቱን ንባብ አማካይ ሲወስዱ ሙቀቱ ይጣፋል። ሁለተኛ፣ የሌዘሩን ዋት በግማሽ ይቀንሱ፤ ንባቡም በግማሽ ይውረድ (ይህ ለብቻው አይበቃም፤ የሙቀቱም ኃይል አብሮ ሊቀንስ ይችላል)። ሦስተኛ፣ የአየሩን ግፊት ከ1,000 እስከ 5,000 ፓስካል ይለዋውጡ፤ ንባቡ ከተንቀሳቀሰ ሙቀቱ ገና አለ።

ዳሞት_ቴክ
አራተኛም አለ፦ ማንም ሌዘር ሳያበራ ነጥቧ የምትንቀሳቀስ ከሆነ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ሚዛኑን የሚሸፍነው የብርጭቆ ክዳን ላይ የተጠራቀመ ቻርጅ ነው። ክዳኑን በጨርቅ አይወልውሉት። የውስጡን ግድግዳ በአሉሚኒየም ፎይል ሸፍነው (ለጨረሩ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ትተው) ፎይሉንም የክሩን የላይኛው መያዣም ከመሬት ሽቦ ጋር ያገናኙ። ጠረጴዛውም ከእንጨት ወለል ላይ ሳይሆን ሲሚንቶ ላይ ይቁም፤ ኮሪደር ላይ የሚሮጥ ተማሪ ከ6.7 ናኖ ኒውተን በላይ ያንቀጠቅጣል።

የክሩን ጥንካሬ ደግሞ ከሽቦው ሻጭ በተነገረ ውፍረት አያስሉ። የውዝዋዜውን ጊዜ በሰዓት ይለኩና የመስታወቶቹን ክብደትና ርቀት አስገብተው ከዚያ ያውጡት። ውፍረቱ ላይ 5 በመቶ ስህተት ጥንካሬው ላይ 20 በመቶ ሆኖ ይመጣል።

ማርቆስ_ላብ
እሽ፣ ሽቦውን አፈላልጋለሁ። የመስታወቱ ብር 5 በመቶ ያህል ብርሃን ቢውጥስ፣ በ2 ማባዛቱ ይቀራል?

ጮቄ_ተራራ
በ2 ፈንታ በ1.95 ያባዙ። የተመለሰው 95 በመቶ ሁለት ጊዜ ይገፋል፣ የተዋጠው 5 በመቶ አንዴ። ስለዚህ ከግፊቱ የሚጎድለው 2.5 በመቶ ነው። የተዋጠው 50 ሚሊ ዋት ግን መስታወቱን ያሞቀዋል፤ ስለዚህ ለሌዘሩ ቀለም የተሠራ 99 በመቶና ከዚያ በላይ የሚመልስ መስታወት ከተገኘ እሱን ይያዙ፤ ጥቅሙ ከቁጥሩ ማስተካከያ ይልቅ ሙቀቱን መቀነሱ ላይ ነው።